ለኦቶክሮስ የቱ የጎማና የቸርኬ መጠን? (ሚያታ ኤንኤ 1.8፣ ለሌላ መኪናም ይሆናል)

ኮን_ገጪ፦

ሰላም ለቤቱ። መኪናው ማዝዳ ሚያታ ኤንኤ (የመጀመሪያው ትውልድ) ነው፤ ባለ 1.8 ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ፣ ዲፍረንሻሉ 4.1። የፋብሪካው ቸርኬ 14×6 (ዲያሜትሩ 14፣ ስፋቱ 6 ኢንች)፣ ኦፍሴቱ +45፣ ጎማው 185/60-14 (ስፋቱ 185 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 60 በመቶ፣ ለ14 ኢንች ቸርኬ)። አሁን ለኦቶክሮስ ውድድር (በኮን በተከለለ ሜዳ ላይ በሰዓት የሚሮጥ ውድድር) ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቸርኬ ከነጎማው መግዛት እፈልጋለሁ። የምድባችን ደንብ የሚለው ትሬድዌሩ (የጥርሱን ዕድሜ የሚያሳየው ቁጥር) ከ200 ያላነሰ የመንገድ ጎማ ነው። የቸርኬ ስፋት አይገድብም። ፓራፋንጎ መቁረጥ ክልክል ሲሆን ጠርዙን ወደ ውስጥ ማጠፍ ይፈቀዳል።

ያሰብኩት 15×8 ከ205/50-15 ጋር፣ ወይም 15×9 ከ225/45-15 ጋር ነው። 16 ኢንች ግዛ የሚሉኝም አሉ። ኦፍሴትን በምን ሂሳብ እንደምመርጥ ጭምር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ክሪክና_ቁልፍ፦

ቸርኬውን ተወውና መጀመሪያ ጎማውን ምረጥ። ሰው ያማረውን ቸርኬ ገዝቶ ሲያበቃ በዚያ መጠን የሚሠራ ፈጣን ጎማ ያጣል፤ ከዚያ የተገኘውን ይገጥማል። ሰዓቱን የሚያሳጥረው ጎማው ነው። የቸርኬው ሥራ ጎማውን በደንብ ዘርግቶ መያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ምን እንደሚፈቅድ እይ፤ ከሚፈቀደው ውስጥ የምትፈልገው ሞዴል በየትኞቹ መጠኖች እንደሚመረት አጣራ፤ ያ መጠን ስንት ኢንች ቸርኬ እንደሚፈልግ፣ ያም ቸርኬ በየትኛው ኦፍሴት ፓራፋንጎው ሥር እንደሚገባ ለካ። ዲያሜትር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በጎማው ጎን ላይ የምታየውን የትሬድዌር ቁጥር የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ ስለዚህ 200 የተጻፈባቸው ሁለት ጎማዎች በአያያዝ ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ዮኮሃማ ኤ052 ቶሎ ይሞቃል፣ ከመጀመሪያው ሩጫ ይይዛል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ያልቃል። ብሪጅስቶን አርኢ-71አርኤስም ፈጣን ነው፣ ሙቀትን ከኤ052 በተሻለ ይችላል። ሃንኩክ አርኤስ4 ዕድሜው ረጅም ነው፤ ለመሞቅ ግን ጊዜ ስለሚፈልግ ቦታው የትራክ ቀን እንጂ የ50 ሰከንድ ሩጫ አይደለም። ቶዮ አር1አር በዝናብና በብርድ ስሙ የተመሰከረለት ነው።

የአንተ መኪና 1 ቶን ገደማ ነው። ቀላል መኪና ላይ ቶሎ የማይሞቅ ጎማ ማስፋት ትርፉ ትንሽ ነው።

ሁለተኛ_ማርሽ፦

15 ወይስ 16 ከማለትህ በፊት የሁለተኛ ማርሽህን ጣሪያ አስላ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የሞተሩን ዙር በማርሹ ሬሾና በዲፍረንሻሉ ትካፈለዋለህ፣ ውጤቱን በጎማው ዙሪያ ርዝመት ታባዛለህ። የአንተ ሁለተኛ ማርሽ 1.888 ነው። በ7000 ዙር፦ 7000 ÷ (1.888 × 4.1) = በደቂቃ 904 የጎማ ዙር።

የጎማው ዲያሜትር የቸርኬው ኢንች ሲባዛ በ25.4፣ ሲደመር የጎኑ ከፍታ እጥፍ ነው። 225/45-15 ለምሳሌ፦ 381 + 2 × (225 × 0.45) = 583.5 ሚሊሜትር። ክብደት ሲያርፍበት ስለሚረግብ በትክክል የሚንከባለለው ከዙሪያው 97 በመቶ ያህሉ ነው። በዚህ ሂሳብ የሁለተኛ ማርሽህ ጣሪያ እንዲህ ይወጣል፦

185/60-14፣ ዲያሜትር 577.6፣ 95.5 ኪሎሜትር በሰዓት
225/45-15፣ ዲያሜትር 583.5፣ 96.5
205/50-15፣ ዲያሜትር 586፣ 96.9
225/45-16፣ ዲያሜትር 608.9፣ 100.7

16 ግዛ የሚሉህ ሰዎች ነገራቸው ይኸው 4 ኪሎሜትር ነው። የምትሮጥበት ሜዳ ሰፊ ሆኖ ፈጣኑ ቦታ ላይ 100 የሚነካ ከሆነ፣ በ15 ኢንች ወይ የዙር ገደቡ ላይ ትንጠለጠላለህ ወይ ለሁለት ሰከንድ ብለህ ሦስተኛ ገብተህ ትመለሳለህ። ሜዳው ጠባብ ከሆነና ከ90 የማታልፍ ከሆነ ግን 16 ኪሳራ ነው። በየማርሹ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት 4 በመቶ ይቀንሳል፣ መኪናውም ወደ 13 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ከቀርፋፋ ኩርባ ስትወጣ ያ 4 በመቶ ይታወቅሃል።

የምትሮጥበት ሜዳ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ሳታውቅ ይህን መወሰን አይቻልም። የሞተር ዙር የሚመዘግብ ማንኛውም መሣሪያ ካለህ ያለፉትን ሩጫዎች ተመልከት፤ ስንት ጊዜ 7000 ነካህ?

ኮን_ገጪ፦

ሜዳችን የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ጠባብ። ገደቡን የምነካው አልፎ አልፎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ 15 ማለት ነው። የቀረው 8 ወይስ 9፣ 205 ወይስ 225 የሚለው ነው።

የመሪዋ_እመቤት፦

ሰው ስለ ጎማ ስፋት ብቻ ያወራል፤ የቸርኬ ስፋት ግን በአያያዝ ላይ ከዚያ አያንስም። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ስትሰካ ጎኑ እንደ ፊኛ ይነፋል። ኩርባ ላይ ቸርኬው ወደ ውጭ ሲገፋ ጎማው መጀመሪያ ጎኑ ላይ ይጋደማል፣ ቀጥሎ ትከሻው ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ነው መያዝ የሚጀምረው። መሪውን ታዞራለህ፣ መኪናው ቆይቶ ይመልስልሃል። ኮኖች በ15 ሜትር በተደረደሩበት ዚግዛግ ላይ ያ መዘግየት በየኮኑ ይጠራቀምብሃል።

225/45-15 የሚለካበት መደበኛ ቸርኬ 7.5 ኢንች ነው፤ የሚፈቀደው ከ7 እስከ 8.5። በ7 ላይ ይገባል፣ ግን የጎኑን ልስላሴ ለመሸፈን አየር መጨመር ግድ ይሆናል፤ አየር ሲበዛ ደግሞ የጥርሱ መሃል ያብጥና ትከሻው ይነሳል። በ9 ላይ ጎኑ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በዝቅተኛ አየር መሮጥ ይቻላል፣ የመሪው ምላሽም ፈጣን ይሆናል።

እኔ ከሆንኩ 15×9 ከ225/45 ጋር፣ ያለ ማመንታት። 15×8 ላይም 225 ጥሩ ነው፤ ከ9 ያለው ልዩነት ከጎማ ሞዴል ልዩነት ያንሳል። የማልመክርህ አዲስ 15×7 መግዛት ነው።

ጎሚስታው፦

እመቤት፣ በአንድ ነገር አልስማማም። 9 ኢንች ለ225/45-15 ከአምራቹ ክልል በግማሽ ኢንች ያልፋል። 205/50-15ም ከ5.5 እስከ 7.5 ነው የሚፈቀደው፤ 8 ላይ ማስገባት እሱም ከክልል ውጭ ነው። «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» የሚለው እውነት ነው፣ ግን ጠያቂው ይህን አውቆ ይግባበት። የሚያመጣው ችግር ሁለት ነው። የቸርኬው ከንፈር ከጎማው ጎን ውጭ ስለሚቆም ጠርዝ ስትነካ የሚቧጠጠው ቸርኬው ነው። አየሩ በጣም ሲወርድ ደግሞ የጎማው ጠርዝ ከመቀመጫው ሊነቀል ይችላል፤ በተለይ ከ20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በታች።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው፦ በጎን ላይ የተጻፈው ስፋት የጥርሱ ስፋት አይደለም። 205/50-15 በመደበኛ 6.5 ቸርኬው ላይ ከጎን እስከ ጎን 214 ሚሊሜትር ነው፣ 225/45-15 ደግሞ በ7.5 ላይ 225። መሬት የሚነካው ጥርስ እንደየሞዴሉ ይለያል። የአንዱ አምራች 205 ከሌላው 215 ጋር እኩል ጥርስ ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ የአምራቹን ሠንጠረዥ ላይ የጥርስ ስፋት የሚለውን ዓምድ ተመልከት።

የመሪዋ_እመቤት፦

ጎሚስታው ልክ ነህ፣ ክልሉን መጥቀስ ነበረብኝ። ከ20 በታች ግን ማን ይወርዳል? በ9 ላይ 225 ሲሞቅ 28 አካባቢ ነው የሚሮጠው። ከክልል መውጣት የማይፈልግ ሰው 225ን 8 ላይ ያድርግ፣ ነገሩ ያልቃል። 205ን 9 ላይ መለጠጥ ግን እኔም አልደግፈውም፣ ለመልክ ካልሆነ ጥቅም የለውም።

ሞዞ54፦

ኦፍሴት ለጠየቅከው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞው (በቡሎን የሚታሰርበት ክፍል) ላይ ከሚያርፍበት ፊት እስከ ቸርኬው መሃል መስመር ያለው ርቀት ነው። ፕላስ ከሆነ መሃሉ ወደ መኪናው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሂሳቡ፦

ወደ ውስጥ = የስፋቱ ግማሽ + ኦፍሴት
ወደ ውጭ = የስፋቱ ግማሽ − ኦፍሴት

14×6 +45፦ ግማሹ 76.2። ወደ ውስጥ 121.2፣ ወደ ውጭ 31.2።
15×8 +36፦ ግማሹ 101.6። ወደ ውስጥ 137.6፣ ወደ ውጭ 65.6።
15×9 +36፦ ግማሹ 114.3። ወደ ውስጥ 150.3፣ ወደ ውጭ 78.3።

ስለዚህ 8ቱ ከፋብሪካው በ16 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ፣ በ34 ወደ ውጭ ይሄዳል። 9ኙ 29 ወደ ውስጥ፣ 47 ወደ ውጭ።

ክሪክና_ቁልፍ፦

ሞዞ ያሰላው የቸርኬውን ጠርዝ ነው፤ ፓራፋንጎውን የሚነካው ግን ጎማው ነው። የፋብሪካው ጎማ ከቸርኬው ወጥቶ ይነፋል፣ አዲሱ ደግሞ በሰፊ ቸርኬ ላይ ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት ከ47 ያነሰ ነው። ቸርኬ በግማሽ ኢንች ሲሰፋ የጎማው የጎን ለጎን ስፋት በ5 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። 225/45 በ7.5 ላይ 225 ከሆነ በ9 ላይ ወደ 240 ይደርሳል፤ ግማሹ 120። ወደ ውጭ 120 − 36 = 84፣ ወደ ውስጥ 156። 185/60-14 በ6 ላይ ወደ 194 ነው፤ ወደ ውጭ 52፣ ወደ ውስጥ 142። ልዩነቱ 32 ወደ ውጭ፣ 14 ወደ ውስጥ። ይህ ነው ፓራፋንጎውና ሾኩ የሚያዩት።

32 ሚሊሜትር ቀልድ አይደለም። ኤንኤ ላይ 15×9 +36 ከ225 ጋር ሲገባ የኋላው ፓራፋንጎ ጠርዝ መታጠፍ አለበት፣ ካምበሩም (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚዘነብልበት መጠን) በቂ መሆን አለበት። 15×8 +36 ከ205 ጋር አብዛኛውን ጊዜ ሳይታጠፍ ይገባል፤ መኪናው በጣም ዝቅ ካለ ግን እሱም ይነካል።

ካምበር ቦታ ይሰጣል። ጎማው በ1 ዲግሪ ሲዘነብል ላይኛው ጫፉ ከመሃሉ አንጻር ወደ 5 ሚሊሜትር ይገባል። −3 ላይ ካደረግከው 15 ሚሊሜትር አገኘህ ማለት ነው። በዚያው መጠን ግን በውስጥ በኩል ከሞላውና ከላይኛው ክንድ ጋር ይቀራረባል፤ በሁለቱም በኩል ለካ።

ኮን_ገጪ፦

እንዴት ነው የሚለካው? ቸርኬውን ከመግዛቴ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ክሪክና_ቁልፍ፦

መኪናውን በክሪክ አንሳና በመቆሚያ ላይ አሳርፈው፤ በክሪክ ብቻ ተማምነህ ሥር አትግባ። ጎማውን አውጣ፣ ሞላውን አውጣ፣ ሾኩን ያለ ሞላ መልሰህ እሰረው። አሁን ሞዞውን በሌላ ክሪክ እየገፋህ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው፣ ማለትም የሾኩ መጠበቂያ ላስቲክ እስኪጨመቅ ድረስ ማንቀሳቀስ ትችላለህ። ቀጥ ያለ ብረት ሞዞው ፊት ላይ አስቀምጥና በየከፍታው ወደ ውስጥ እስከ ሾክ፣ እስከ ክንድ፣ እስከ መሪው ዘንግ ጫፍ፣ ወደ ውጭ ደግሞ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ፊት ላይ ይህንኑ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ግራ ተቆልፎ፣ ቀኝ ተቆልፎ ድገመው። ከባዱ ቦታ መሪው ተቆልፎ አንዱ ጎን ሲጨመቅ ነው፤ ጎማው የፓራፋንጎውን የውስጥ ሽፋን የሚበላው እዚያ ነው።

ከማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ከሾኩ፣ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ተው። ጎማው ሲጫን ስለሚንሸራተት ከፓራፋንጎው በኩል 8 ብትተው ይሻላል። ጎማው ከተገጠመ በኋላ ልጆች የሚጫወቱበትን ፕላስቲሲን ፓራፋንጎው ውስጥ ለጥፈህ ቀስ ብለህ ንዳ። የት እንደሚነካና በስንት እንደሚነካ ያሳይሃል።

ለፍሬኑ ደግሞ ከካሊፐሩ እስከ ቸርኬው ውስጥ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይኑር። 15 ኢንች በኤንኤና በኤንቢ (ሁለተኛው ትውልድ) ላይ የነበሩትን የፋብሪካ ፍሬኖች በሙሉ ያልፋል፤ 14 ግን ትልቁን የኤንቢ ስፖርት ፍሬን አያልፍም፣ ወደፊት ፍሬን ልትቀይር ካሰብክ አስብበት። የባላንስ እርሳሱ የተለጠፈው ካሊፐሩ ፊት ለፊት ከሆነ ያ 3 ሚሊሜትር የለም። እርሳሱ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ እንዲለጠፍ ጎሚስታውን ንገረው፣ ላዩንም በአሉሚኒየም ቴፕ ሸፍነው፤ ሙቀትና በሩጫ መሃል የሚረጨው ውኃ ሙጫውን ያላቅቀዋል።

ጥቁር_ጎማ፦

ስለ ፓራፋንጎ ማጠፍ ልጨምር። የቆየ ቀለም ሳይሞቅ ከታጠፈ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ ደግሞ ዝገት ይጀምራል። በሙቅ አየር ማራገቢያ ጠርዙን እጅ የማያስጠጋ ሙቀት ላይ አድርሰው፣ ቀለሙ ግን እንዳያብጥ ከአንድ ቦታ አትቁም። ሞዞው ላይ የሚታሰረው ማጠፊያ መሣሪያ አለ። በአንድ ጊዜ 90 ዲግሪ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ፣ ከግራ ቀኝ እየተመላለስክ እጠፍ። በየመሃሉ አሞቀው። ከኋላ ፓራፋንጎና መከላከያ የሚገናኙበት ቡሎን ካለ አስቀድመህ ፍታው፤ ብዙ ጎማ የሚቆረጠው በዚያ ቡሎን ጫፍ ነው። ሲያልቅ የውስጡን ጠርዝ ማሸጊያ ቀባው።

ጭራ_ወጣ፦

ይቅርታ፣ ከጥያቄው ትንሽ ልውጣ። እኔ ቶዮታ ጂአር86 ነው ያለኝ፣ 17×7.5 +48 ከ215/45-17 ጋር። 17×9 +42 ከ245/40-17 ጋር ልገጥም አስቤያለሁ። በሞዞ ቀመር 13 ወደ ውስጥ፣ 25 ወደ ውጭ ወጣልኝ። ልክ ነኝ? 18 ይሻላል የሚሉም አሉ።

ሞዞ54፦

ሂሳብህ ልክ ነው። ዲያሜትሩም ይስማማል፤ 215/45-17 625.3 ነው፣ 245/40-17 627.8፣ ልዩነቱ ግማሽ በመቶ አይሞላም፤ ኤቢኤሱም ሆነ ፍጥነት መለኪያው አይቃወምም። 245/40-17 የሚፈቀድለት ከ8 እስከ 9.5 ስለሆነ 9 በደንብ ይዞታል።

አንተ ላይ የውስጡ በኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፊትህ ማክፈርሰን (ሾኩ ራሱ ጎማውን የሚይዝበት አሠራር) ስለሆነ ሾኩ ጎማው አጠገብ ነው የቆመው። ካምበሩን በሾኩ ታችኛ ቡሎን ከጨመርክ ጎማው ወደ ሾኩ ይጠጋል። ከላይኛው ሳህን ከጨመርክ ግን ሾኩም ጎማውም አብረው ስለሚዘነብሉ ክፍተቱ አይለወጥም። 13 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ስትሄድ ይህን እወቅ።

18 ለፍሬን ካልሆነ ምክንያት የለውም። ቸርኬው ይከብዳል፣ ክብደቱም ከመሃሉ ይርቃል። ጠርዙ ላይ የሚጨመር 1 ኪሎ መኪናው ሲፋጠን እስከ 2 ኪሎ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማው፣ መሽከርከርም መጓዝም ስላለበት። በየቸርኬው 2 ኪሎ ብትጨምር እስከ 16 ኪሎ ማለት ነው።

የመሪዋ_እመቤት፦

እሱ ልክ ቢሆንም አይጋነን። 16 ኪሎ ከ1.3 ቶን መኪና ላይ ከ1.3 በመቶ አይበልጥም። ከ215 ወደ 245 ስትሄድ በኩርባና በፍሬን የምታገኘው ከዚያ ይበልጣል። «ቀላል ቸርኬ» ብሎ 7 ኢንች የሚገዛ ሰው የተሳሳተውን ነገር ነው የሚቆጥበው። ክብደት የሚወስነው ስፋቱ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ሜዳው ጎርበጥባጣ ከሆነ ደግሞ ቀላሉ ቸርኬ መሬቱን ይበልጥ ይከተላል፣ እዚያ ላይ እስማማለሁ።

ቪቴክ_ይርገጥ፦

ፊትና ኋላ የተለያየ ጎማ ያላቸው መኪኖችስ? ሆንዳ ኤስ2000 ኤፒ2፣ ፊት 17×7 +55 በ215/45-17፣ ኋላ 17×8.5 +65 በ245/40-17። አራቱንም እኩል ላድርግ ወይስ ልተወው?

ክሪክና_ቁልፍ፦

ለኤስ2000 የታወቀው መንገድ አራቱም 17×9 +63፣ 255/40-17 ነው። ኋላው ከፋብሪካው ብዙም አይርቅም፤ ቸርኬው 4 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ፣ 8 ወደ ውጭ። ፊቱ ግን 33 ወደ ውስጥና 17 ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ስለዚህ መሪው ሲቆለፍና ፓራፋንጎው ላይ ሥራ አለብህ።

ከመጠኑ ይልቅ ልብ በል የምልህ ሚዛኑን ነው። ፋብሪካው ፊቱን ያጠበበው ኋላው ቀድሞ እንዳያመልጥ ነው። ፊቱን በ40 ሚሊሜትር ስታሰፋ፣ ኋላውን ግን በ10 ብቻ፣ ያንን ጥበቃ አነሳኸው። ኦቶክሮስ ላይ መኪናው በፍጥነት መታጠፉ ጥሩ ነው፣ ግን ጭራው ቶሎ ይወጣል። ብዙ ሰው የፊቱን ስታቢላይዘር (ኩርባ ላይ የመኪናውን መጋደም የሚቀንሰውን ዘንግ) በማወፈር ነው የሚመልሰው። አራቱ እኩል ሲሆኑ ሌላም ጥቅም አለ፤ ጎማ ፊትና ኋላ ማቀያየር ትችላለህ፣ አንድ መጠን ብቻ ነው የምትገዛው።

ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና፣ ለምሳሌ ፖርሽ 911፣ ይህን አያደርግም። ክብደቱ ኋላ ስለሆነ ኋላው ሰፊ መሆን አለበት። የተለያየ መጠን ካስቀመጥክ ደግሞ የፊትና የኋላ ዲያሜትር ሬሾ ከፋብሪካው በ1 ወይም 2 በመቶ በላይ እንዳይርቅ፤ ካለፈ ኤቢኤሱና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ጎማ እየተንሸራተተ ይመስላቸዋል።

ኮን_ገጪ፦

15×9 +36 ከ225/45-15 ጋር ወስኛለሁ። የአየር መነሻ ስንት ላድርግ? እዚህ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ከሆንዳ የወጣ 4×100 (አራት ቡሎን፣ በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ) ቸርኬ አለኝ ይላል፣ ይገባል?

ሞዞ54፦

የቡሎኑ ልክ 4×100 ስለሆነ ይገባል፣ ግን የሆንዳው መሃል ቀዳዳ 56.1 ነው፣ የአንተ ሞዞ 54.1። ከ56.1 ወደ 54.1 የሚያጠብ ቀለበት አድርግበት። ተቃራኒው፣ የማዝዳ ቸርኬ ሆንዳ ላይ፣ ቀዳዳው ስለሚጠብ አይገባም። ዳዶው ላይ ተጠንቀቅ፤ የሆንዳ ፋብሪካ ቸርኬ መቀመጫው እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የማዝዳ ዳዶ 60 ዲግሪ ሾጣጣ። ሁለቱን ብታቀላቅል የሚነካው ቀጭን መስመር ብቻ ነው፣ ይላላል። ገበያ የሚሸጡት ቸርኬዎች አብዛኞቹ ሾጣጣ ናቸው።

ስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መሃል የሚገባ ሳህን) ካስገባህ ዳዶው ስንት ዙር እንደሚይዝ ቁጠር። 12 ሚሊሜትር ቡሎን የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር ይፈልጋል፤ 1.25 ከሆነ 10። ካልሞላ ረጅም ቡሎን ቀይር። ማጥበቂያው ለኤንኤ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው፤ በኮከብ ቅርጽ፣ መጀመሪያ ጎማው አየር ላይ ሆኖ በእጅ፣ ከዚያ መሬት ነክቶ በቶርክ ቁልፍ። የቡሎኑን ጥርስ ዘይት አትቀባው፣ ቁልፉ የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ይሆናል። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር በኋላ መልሰህ ፈትሽ።

የመሪዋ_እመቤት፦

አየሩን ከ26 ፒኤስአይ ቀዝቃዛ ጀምር፣ አራቱም እኩል። ትከሻው ላይ ከጥርሱ ወደ ጎኑ የሚወርድ የጠመኔ መስመር በሦስት ቦታ አስምር። ከሩጫ ስትመለስ ጠመኔው ጎማው ጎን ላይ ካለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን በታች ከጠፋ ጎማው እየተጋደመ ነው፣ 2 ጨምር። ከሦስት ማዕዘኗ በላይ ብዙ ከቀረ 2 ቀንስ። ሲሞቅ ከ28 እስከ 30 መካከል ማረፍ አለበት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ በ1.5 ፒኤስአይ ያህል ስለሚጨምር ጠዋት ያስተካከልከውን ቀትር ላይ አትመነው፤ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ለካ። አንድ መኪና ሁለት ሰው የሚነዳው ከሆነ በመሃል ጥርሱ ላይ ውኃ ርጭ፣ በተለይ ኤ052 ከሆነ።

ሚዛኑን በአየር መንካት የምትጀምረው ትከሻው ከተስተካከለ በኋላ ነው። አፍንጫው አልታጠፍ ካለ ቀድመህ ካምበሩን እይ። −2 ላይ ሆነህ አየር ብትቀያይር ልፋት ብቻ ነው፤ ኤንኤን ፊት ወደ −3 ውሰደው።

ጥቁር_ጎማ፦

የጎማውን ዕድሜ የሚጨርሰው የውጭ ትከሻው ነው። አቅጣጫ ያለው ጎማ ከሆነ ከቸርኬው አውልቀህ የግራውን በቀኙ ቸርኬ ላይ ብታስገባው የማሽከርከሪያ ቀስቱ ልክ ይሆናል፣ ያላለቀው ትከሻም ወደ ውጭ ይዞራል። «ውጭ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ላይ ግን ይህን አታድርግ። ስትገዛም የተመረተበትን ቀን እይ፤ አራት አኃዝ ነው፣ 2324 ማለት የ2024 23ኛ ሳምንት። የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል።

ኮን_ገጪ፦

የድሮውን 14 ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?

ሁለተኛ_ማርሽ፦

አስቀምጠው፣ ወደ ሜዳ የምትነዳው በእሱ ነው። በውድድር ጎማ መንገድ ላይ 100 ኪሎሜትር መሄድ የጥርሱን መሃል ብቻ ይበላዋል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበትም ላስቲኩ ይጠነክራል። አራት 15×9 ሚያታ ውስጥ አይገባም ካልክ ደግሞ ሁለቱ ተሳፋሪው ወንበር ላይና እግር ማሳረፊያው ላይ፣ ሁለቱ ከኋላ በሚታሰር ትንሽ ተጎታች ነው የሚሄዱት። ያ ካልሆነ በውድድሩ ጎማ ንዳ፣ ግን እስከ 34 ፒኤስአይ ነፍተህ፣ ሜዳ ስትደርስ አውርደው።